የድምፅ ቆጣሪዎቹ ስም ዝርዝር የአንድ ቤተሰብ ዝርዝር ሲመስል

የጂኦግራፊ መምህር (ጠያቂ)

የተከበራችሁ አንባቢያን፣ የምኖረው በአንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ ነው፤ የማነሣው ጉዳይ ዘወትር ጠዋት ሰላምታ የምለዋወጣቸውን ሰዎች ስለሚመለከት የቦታውንም ሆነ የሰዎቹን ስም ባልጠቅስ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ እኔ ድምፅ በምሰጥበት ጣቢያ እንዲሠሩ የተመለመሉት አምስት አስፈጻሚዎች ስም በትምህርት ቤታችን የግንብ አጥር ላይ ተለጥፎ፣ የከሰዓቱ ፈረቃ ከመግባቱ በፊት ቆሜ አነበብኩት። ዓይኔን የያዘው የአያት ስም የተጻፈበት ዓምድ ነበር፤ የሦስቱ አያት አንድ ሰው ናቸው። ከሦስቱ መካከል ሁለቱ የአባታቸውም ስም አንድ ሲሆን፣ ወንድምና እኅት መሆናቸውን ሁለቱንም ስላስተማርኳቸው አውቃለሁ። የአያትየው ስም ደግሞ ምልመላውን በአካባቢያችን ያስተባበረው ሰው የአባቱ ስም ነው። አራተኛው ተመልማይ ከስሙ ተነሥቶ ማንም የማይጠረጥረው ሰው ነው፤ የዚሁ አስተባባሪ የእኅቱ ባል መሆኑን ሠርጋቸው ላይ የታደምን ሰዎች እናውቀዋለን እንጂ ወረቀቱ አይናገርም። አምስተኛዋ በቅርቡ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ከማንም ጋር የምትዛመድ አይመስለኝም።

እነዚህ ሰዎች ድምፅ ይሰርቃሉ ማለቴ አይደለም፤ አንደኛው ከእኔ ጋር በአንድ መምህራን ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት የሠራ፣ አንድ የተማሪ ፈተና ወረቀት እንኳ አዛብቶ ሲያርም ያላየሁት ሰው ነው። ሥጋቴ ሌላ ነው። የመራጮችን መዝገብ የሚይዘው፣ ካርዱን አይቶ ስሙን የሚያመሳክረው፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን የሚያድለው፣ ሌሊት ላይ ኮሮጆውን ከፍቶ የሚቆጥረውና በውጤት ቅጹ ላይ የሚፈርመው ሁሉ በአንድ ገበታ የሚበላ ቤተሰብ ከሆነ፣ አንዱ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» የሚለው ማን ነው? ቁጥጥሩ አንዱ ሰው ሌላውን ስለማያምን የቆመ ነው ብዬ ስለማስብ፣ በጣም የሚተማመኑ ሰዎች ብቻ የተሰበሰቡበት ጣቢያ ያሳስበኛል።

ስለዚህ የሚያውቅ ሰው እንዲመልስልኝ የምፈልገው፣ በአስፈጻሚዎች መካከል ወይም በአስፈጻሚውና በመልማዩ መካከል ያለ ዝምድና በራሱ መቃወሚያ መሆን ይችል እንደሆነ፣ ተቃውሞውም ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ለማን መቅረብ እንዳለበት ነው። ደግሞስ አንድ የፓርቲ አባል ያልሆነ ተራ መራጭ ይህን ቢጽፍ በአካባቢው «የተቃዋሚ ሰው ነው» ሳይባል የሚያልፍበት መንገድ ይኖር ይሆን?


የ2013 ጣቢያ ኃላፊ

መምህር፣ ጥያቄዎን ሳነብ ሰኔ 14 ቀን 2013 የነበርኩበት ክፍል በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። በከተማ ዳር ባለ አንድ ጣቢያ ኃላፊ ነበርኩ። ድምፅ መስጫው ማታ 12 ሰዓት ላይ ያበቃል ተብሎ ሳለ በሦስት ሰዓት ስለተራዘመ፣ የመጨረሻዋን መራጭ ጣት ቀለም የቀባነው ማታ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነበር። አንድ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይይዛል፤ መራጩ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ሁለት ወረቀት ስለሚሰጠው፣ የተመዘገበው ሁሉ ቢመጣ 3,000 ወረቀት ይቆጠራል ማለት ነው። ያንን የሚቆጥሩት ከንጋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ በእግራቸው የቆሙ አምስት ሰዎች ናቸው። ስለ ቆጠራ የሚነገረውን ነገር ሁሉ ከዚህ ድካም ጋር አያይዞ ማየት ያስፈልጋል።

በእኛም ጣቢያ እኅትና ወንድም ነበሩ። ቀኑን ሙሉ አንዳች ችግር አላየሁባቸውም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አንድ ወረቀት እጄ ገባ፤ መራጩ የ«ኤክስ» ምልክት በማድረግ ፈንታ በአውራ ጣቱ አሻራ የመረጠ ነበር፤ አሻራውም በሁለት ተወዳዳሪዎች ምልክቶች መካከል ባለው መስመር ላይ አርፎ፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆኗል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ባትሪ አስጠግቼ አየሁትና ለአራቱም አሳየኋቸው። እኅትየው «ወደ ላይኛው ያመዝናል» አለች። ወንድምየው ወረቀቱን ሳያይ «አዎ፣ ወደ ላይኛው ነው» አለ። ሦስተኛው ባልደረባችን አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሁለቱን ተራ በተራ አየና አቀርቅሮ የተቆጠረውን ክምር ማስተካከል ጀመረ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር፣ የዝምድናው ጉዳት የሚታየው ጥርት ባለው ወረቀት ላይ ሳይሆን በአጠራጣሪው ወረቀት ላይ መሆኑ ነው። ወረቀቱን ለብቻ አስቀምጠን በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርነው፤ ይሁን እንጂ እኔም ብሆን ቢጨንቀኝና ለማረፍ ብቸኩል ኖሮ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ድምፅ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር።

ለምን ዘመዳሞች እንደሚበዙም ልንገርዎት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሤራ ይልቅ አበል ነው። የወጣቱ ሥራ ማጣት እንደሚታወቀው ነው፤ የሥልጠናውና የሥራው ቀን አበል ለጥቂት ቀን ሥራ መጥፎ አይደለም። ማስታወቂያ ይወጣል፤ ማስታወቂያው ግን ከግድግዳው በፊት የመልማዩ ቤት ይደርሳል፤ ልጆቹ ማስረጃቸውን አስቀድመው ኮፒ አድርገው ይጠብቃሉ። በዚህ መንገድ የገባው ልጅ የማንንም ድምፅ ለመስረቅ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን አበሉን ያገኘው በአጎቱ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ አጎቱ አንድ ነገር በስልክ ቢለው እምቢ ማለት ይከብደዋል።

ከልምዴ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። «እነዚህ ሰዎች ይባረሩ» ብለው አይጻፉ፤ «ከአጎራባች ጣቢያ ሰዎች ጋር ይለዋወጡ» ብለው ይጻፉ። ወንድምና እኅቱን ከወንዙ ማዶ ካለው ጣቢያ ሁለት ሰዎች ጋር ማቀያየር ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሥልጠናው አንድ ዓይነት ነው፣ አበሉም አይቀርባቸውም፣ ማንም በአደባባይ አይዋረድም። እምቢ ከተባሉ ደግሞ እምቢታው ራሱ ብዙ ይነግርዎታል።


ጠበቃ ነኝ

የሕጉን ጎን በአጭሩ ላስረዳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 በፌዴራልና በክልል የምርጫ ክልሎች ነጻና ትክክለኛ ምርጫ በገለልተኝነት የሚያካሂድ ብሔራዊ የምርጫ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ ቦርዱ አሁን ባለው ቁመና የተደራጀው በአዋጅ ቁጥር 1133/2011 ሲሆን፣ የምርጫው አፈጻጸም የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። የገለልተኝነት መስፈርቱ ከቦርዱ አባላት ጀምሮ እስከ ጣቢያ አስፈጻሚው ድረስ የሚዘልቅ ቢሆንም፣ በተግባር «ገለልተኛ» የሚለው ቃል «የፓርቲ አባል ያልሆነ» ተብሎ ሲተረጎም ቆይቷል። የተመልማዩ ቅጽም፣ የፓርቲዎች አቤቱታም፣ የጋዜጠኛ ጥያቄም የሚያተኩረው በአባልነት ላይ ነው። ስለ ዝምድና የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ጠያቂው የነኩት ክፍተት ስለዚህ እውነተኛ ክፍተት ነው።

ሌላ ቦታ ግን ሕጋችን ለዝምድና ባዕድ አይደለም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ዳኛው ከተከራካሪዎቹ አንዱ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሣል፤ የሚነሣውም ያዳላል ተብሎ ስለተረጋገጠ ሳይሆን፣ ፍርዱን የሚሰማ ሰው እንዳይጠራጠር ነው። ይህ አስተሳሰብ ለቆጠራ ጠረጴዛም የሚበጅ ነው። ሆኖም አንድ ልዩነት እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ችሎት ላይ ዝምድናው የሚለካው ከተከራካሪው ጋር ነው፤ የእርስዎ አቤቱታ ግን በቆጣሪዎቹ በራሳቸው መካከልና ከመልማያቸው ጋር ስላለ ዝምድና ነው፤ ከአምስቱ አንዱ የዕጩ ዘመድ ነው አላሉም። ስለዚህ «ያዳላሉ» የሚለውን መከራከሪያ ትተው «እርስ በርስ መቆጣጠር አይችሉም» በሚለው ላይ ይጽኑ፤ የሚያስኬድዎት እርሱ ነው።

ዝምድናውንም እስከ የት ድረስ እንደሚቆጥሩ ከወዲሁ ይወስኑ። በባህላችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በአንዲት ትንሽ ወረዳ ውስጥ ያን ያህል ከቆጠርን ድምፅ የሚቆጥር ሰው ከሌላ ክፍለ ሀገር ልናስመጣ ነው። አቤቱታዎን በወንድማማችነት፣ በአጎትና በወንድም ልጅ፣ በእኅት ባል ላይ ብቻ ይወስኑት፤ አበልጁን፣ የጽዋ ማኅበር ባልንጀራውን፣ አብሮ አደጉን አያስገቡ። አንዴ አበልጅ ከገባ አቤቱታዎ መሣቂያ ይሆናል።

ለማን ይቅረብ ላሉት፣ በጽሑፍ አድርገው ለምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ይስጡ፤ ግልባጩን ለቦርዱ ይላኩ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም የተቀባዩን ፊርማና ቀን ሳይዙ አይመለሱ። ቦርዱ ከዚህ በፊት በምልመላ ወቅት የአስፈጻሚዎችን ስም ዝርዝር ለፓርቲዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ሲያቀርብ፣ በተቃውሞ ምክንያት የተቀየሩ ሰዎችም ነበሩ፤ ስለዚህ ጥያቄው እንግዳ አይሆንባቸውም። በደብዳቤው ውስጥ ግምት አይጻፍ። «እገሌ የእገሌ የወንድም ልጅ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት መሆኑ በአንድ ቀን ይጣራል፤ «ሊያጭበረብሩ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ማንም ሊያጣራው የማይችል፣ እርስዎንም በስም ማጥፋት ሊያስጠይቅ የሚችል ነው።


ሽማግሌው

ጠበቃው ስለ ክፍተት ሲናገሩ፣ ከአሁኑ አሠራር በፊት የነበረውን ያየ ሰው ጥቂት ቢጨምር መልካም ነው ብዬ ገባሁ። በአዋጅ ቁጥር 532/1999 ጊዜ በየጣቢያው ከአስፈጻሚዎቹ ጎን «የሕዝብ ታዛቢ» የሚባሉ አምስት ሰዎች ይቀመጡ ነበር። ነዋሪው ተሰብስቦ እጁን እያወጣ የሚመርጣቸው በመሆኑ፣ ወረቀት ላይ ሲታይ ከዛሬው ምልመላ ይበልጥ ሕዝባዊ ነበር። ነገር ግን ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ይጠራል፤ የሚመጣው ያው በየስብሰባው የሚመጣው ሰው ነው፤ ጠቋሚው አንዱን ይጠቁማል፣ የተጠቆመው ተነሥቶ ጠቋሚውን ይጠቁማል፣ ጭብጨባ ይሆናል። እኔ ራሴ በአንዱ ላይ አጨብጭቤአለሁ፤ ማን እንደተመረጠ ያወቅሁት ግን ወደ ቤት ስንሄድ ጠይቄ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላም ነገር ሆነ። በ2000 የአካባቢ ምርጫ ሲካሄድ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 ከፍ ብሎ ነበር። ይህን ቁጥር ለአፍታ አስቡት። በአንድ ቀበሌ ውስጥ 300 ሰው የምክር ቤት አባል ከሆነ፣ አባት ባይሆን ልጅ፣ ልጅ ባይሆን ምራት በዝርዝሩ ውስጥ የሌለበት ቤት ከየት ይገኛል? ቆጣሪውና ተቆጣሪው አንድ ቤት ውስጥ እንዲያድሩ ያደረገው የሰው ክፋት ብቻ ሳይሆን ራሱ ስሌቱ ነበር። የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ስለሆነ፣ ከ30 ዓመት በታች ያለ ወጣት ይህን የሚያስታውስ አይመስለኝም።

በ1997 የቆጠራ ውዝግብ ተነሥቶ፣ በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ምርጫ መደረጉን፣ ከዚያም የደረሰውን ሐዘን ሁላችንም እናውቃለን። በ2002 ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ከገዥው ግንባርና ከአጋሮቹ እጅ ውጭ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በ2007 አንድም አልቀረም። ይህን የማነሣው ውጤቱ የተገኘው በአጎትና በወንድም ልጅ ቆጠራ ነው ለማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ብዙ ነበር፣ ቆጠራው ከምክንያቶቹ ትንሹ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ውጤት ሲለጠፍ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ቆጠረው?» ብሎ ነው፤ መልሱ «የእገሌ ቤተሰብ» ከሆነ፣ ትክክለኛውም ቁጥር ቢሆን የሚያምነው አይገኝም። መምህር የፈሩት ይህንን ከሆነ አልተሳሳቱም።


ያልተዋጠልኝ

ይቅርታ ይደረግልኝና ውይይቱ አቅጣጫውን የሳተ ይመስለኛል። የአጎቴ ልጅ ቆጣሪ ቢሆን ቢያንስ እናቴን ይፈራል፤ ቢያጭበረብር በዕድር ቀን ዓይኗን ማየት አይችልም። ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው፣ ነገ ተነሥቶ የሚሄድ «ገለልተኛ» ሰው ግን ማንን ያፍራል? በአገራችን ሰው በይሉኝታ እንጂ በአዋጅ ቁጥር እንደማይገታ የታወቀ ነው። ፓርቲ የሚባለው ነገር እያለ ስለ አጎት ማውራት ዝሆኑን ትቶ ዱካውን መፈለግ ነው።

ደግሞም ጠያቂውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው፤ እርስዎስ ለዚሁ ሥራ አመልክተው ነበር?


በእስራኤል የምኖር

ከላይ ለጻፉት ወንድሜ መልስ የሚሆን ነገር ከምኖርበት አገር ላቅርብ። እዚህ የድምፅ ኮሮጆውን ቀልፒ እንለዋለን፤ በየቀልፒው የሚቀመጠው ኮሚቴ ደግሞ «ገለልተኛ» ለመባል እንኳ አይሞክርም። አባላቱ በይፋ የፓርቲዎች ተወካዮች ናቸው፤ ሊቀ መንበሩ ከአንዱ ፓርቲ፣ ምክትሉ ከሌላው ይሆናል፤ ጸሐፊው ብቻ በምርጫ አስፈጻሚው አካል ይቀጠራል። እሳቤው የሚጣሉ ሰዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። እኔ ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁበት ምርጫ፣ ማታ ኮሮጆው ተዘርግፎ ፖስታ ስንከፍት (እዚህ መራጩ የመረጠውን ፓርቲ ወረቀት በፖስታ አድርጎ ነው ኮሮጆው ውስጥ የሚከተው)፣ አንድ ፖስታ ውስጥ የሁለት ፓርቲ ወረቀት ተጣብቆ ተገኘ። እንዲህ ያለው ድምፅ ዋጋ የለውም፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱ ተወካይ «አንደኛው ወረቀት እኮ ከጠረጴዛ ላይ ነው የተጣበቀበት» ብሎ ተከራከረ። የሌላው ፓርቲ ሴትዮ ከወንበሯ ተነሥታ ጮኸችበት። ሁለቱም ሲጨቃጨቁ ሳይ፣ ደክሞኝ የነበረ ቢሆንም፣ ደስ አለኝ።

እንግዲህ ዘመድ አዝማድ እዚህም አለ። ፓርቲዎች የኮሚቴውን ቦታ ለደጋፊዎቻቸው ያድላሉ፤ ቀኑ ክፍያ ስላለው ደጋፊው ደግሞ ልጁን ወይም ምራቱን ይልካል። በተለይ በከተማ ምርጫ ጊዜ፣ ከንቲባውን ሁሉም ሰው በስሙ በሚጠራበት ትንሽ ከተማ፣ ይህ ጎልቶ ይታያል። ሆኖም የአንዱ ፓርቲ ልጅ ከሌላው ፓርቲ ምራት ጋር ስለሚቀመጥ ዝምድናው በሌላ ዝምድና ይጣፋል። መተማመኑ በጣም ሲጎድልም መዘዝ አለው፤ በፈረንጆች ሚያዝያ 2019 ምርጫ አንድ ትልቅ ፓርቲ በዓረብ ከተሞች ባሉ ጣቢያዎች ተወካዮቹን ስውር ካሜራ አስይዞ ልኮ ከፍተኛ ቁጣ አስነሥቷል፤ በመስከረሙ ድጋሚ ምርጫ ማዕከላዊው የምርጫ ኮሚቴ ፓርቲዎችን ከልክሎ የራሱን ካሜራ የያዙ ተቆጣጣሪዎች አሰማራ።

ወደ መምህር ጥያቄ ስመለስ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት አምስት ሰዎች ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የስድስተኛው ሰው ጉዳይ ነው፦ የፓርቲ ወኪሉ። የጣቢያው ኃላፊ ሲተርኩ በዚያ ሌሊት ወኪል ስለመኖሩ አንድም ቃል አላነሡም። ወኪሎቹ የት ነበሩ?


የ2013 ጣቢያ ኃላፊ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀን ሦስት ነበሩ። አንዱ ከቀትር በኋላ አልተመለሰም፤ ሁለተኛው ማታ 2 ሰዓት ገደማ ምሳም እራትም እንዳልበላ ነግሮኝ ሄደ፤ የላከው ፓርቲ ዳቦ የሚገዛበት እንኳ አልሰጠውም። አንዱ ብቻ እስከ ንጋት ቆይቶ ፈረመ፤ የየትኛው ፓርቲ እንደነበር ሳልናገር ትገምታላችሁ። በዚያ ምርጫ ዕለት በአማራና በደቡብ ክልሎች በአንዳንድ ቦታዎች ወኪሎች እንዳይገቡ መከልከላቸውን የያኔዋ የቦርዱ ሰብሳቢ ብርቱካን ሚደቅሳ ራሳቸው ተናግረው ነበር። በእኔ ጣቢያ ማንም አልከለከላቸውም፤ ረሃብና እንቅልፍ አሸነፋቸው።


ዕጣ ይጣል

በስፔን የጣቢያው ሊቀ መንበርና ሁለቱ አባላት ከመራጮች መዝገብ ውስጥ በአደባባይ በሚወጣ ዕጣ ይመረጣሉ፤ የደረሰው ሰው በቂ ምክንያት ከሌለው እምቢ ማለት አይችልም። ሜክሲኮም የጣቢያ ሠራተኞቿን የምታገኘው በዕጣ ነው። እኛም ዕቁብ የምንጥል፣ ዕጣ የለመድን ሕዝብ ስለሆንን ይህ ለምን እንደማይሞከር አይገባኝም። ማንበብና መጻፍ ከሚችሉ የተመዘገቡ መራጮች መካከል አሥር ሰው በዕጣ ቢወጣ፣ ከአሥሩም የማይዛመዱ አምስቱ ቢወሰዱ፣ መልማይ የሚባል ሰው አያስፈልግም፤ መልማይ ከሌለ ደግሞ የመልማይ ወንድም ልጅ አይኖርም።

ይህን ስጽፍ ሐምሌ 2014 በአዲስ አበባ የወጣው የ14ኛው ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የወጡበት ዕጣ ሥርዓቱ ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዟል። ስለዚህ ኮምፒውተር ይቅር እላለሁ። በባርኔጣ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት፣ የሚያወጣውም የአንደኛ ክፍል ተማሪ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይሁን።


የጂኦግራፊ መምህር (ጠያቂ)

ለሁላችሁም አክብሮቴ ይድረሳችሁ። «ያልተዋጠልኝ» ላሉት ሰው መጀመሪያ መመለስ ይገባኛል። አዎ፣ አመልክቼ ነበር፤ አልተመረጥኩም። ጥያቄዬን ስጽፍ ይህን ያልጠቀስኩት ጉዳዩ ላይ ለውጥ የሚያመጣ ስላልመሰለኝ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ጥያቄያቸውን ሳነብ ግን ፊቴ ሲግል ታወቀኝ። ስለ ይሉኝታ ያነሡትንም በቀላሉ አላልፈውም፤ እውነት አለው። የኃላፊው ታሪክ ግን ይሉኝታው ወደ የት እንደሚያዘነብል አሳይቶኛል፦ ሦስተኛው ባልደረባ አፉን ከፍቶ መልሶ የዘጋው እኮ በይሉኝታ ነው።

ትናንት ማታ ደብዳቤውን ጽፌ ጨረስኩ። የጠበቃውን ምክር ተቀብዬ ዝምድናውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀመጥኩ፤ ያጭበረብራሉ የሚል ቃል የለበትም። የኃላፊውን ሐሳብ ተከትዬም ሁለቱ ወንድምና እኅት ከወንዝ ማዶ ካለው ጣቢያ ሁለት ሰዎች ጋር እንዲለዋወጡና ነርሷ የመራጮችን መዝገብ እንድትይዝ ጠየቅሁ። ስለ ዕጣው ለወደፊቱ እናስብበት፤ ለዘንድሮው አልደርስበትም። ስለ ወኪሎቹ ግን አንድ ነገር ማድረግ ይቻለኛል፤ ቤቴ ከጣቢያው ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ የትኛውም ፓርቲ የላከው ወኪል ቢሆን እራቱን እዚያ እንዲበላ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ።

ለባለቤቴ ደብዳቤውን ሳነብላት ግን ከመካከሉ አስቆመችኝ። የአራተኛው ተመልማይ እናት ከእርሷ አያት ጋር የእኅትማማች ልጆች እንደሆኑ ታውቅ ነበርን አለችኝ፤ አላውቅም ነበር። በእናት በኩል ስለሆነ ስሙ ላይ አይታይም። ሌሊቱን ሳስብበት አድሬ ጠዋት ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን የመጀመሪያው አንቀጽ እኔ ራሴ ለሥራው አመልክቼ እንዳልተመረጥኩና ከተመልማዮቹ አንዱ የባለቤቴ ዘመድ መሆኑን ይገልጻል፤ የእነርሱ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። ሰኞ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ።